በጣና ዳር ጸጥ ባለ መንደር ቤት ተከራይቶ ለመሰንበት፦ ለአንዲት ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄዎ በአጭሩ እንዲህ ነው። የ72 ዓመት እናትዎንና ሁለት ልጆችዎን ይዘው ከአዲስ አበባ በመምጣት፣ ከሆቴል ግርግር ርቀው፣ በጣና ዳር ጸጥ ባለ መንደር ሙሉ ቤት ተከራይተው ዐሥር ቀን ያህል ለመሰንበት አስበዋል። ዘጌ ይሻላል ወይስ ጎርጎራ፣ ልጆቹ ትምህርት ሲዘጋ በነሐሴ እንምጣ ወይስ በጥር መጨረሻ በመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት፣ ቤቱንስ ሳናየው ከሩቅ እንዴት እንከራይ ብለው ጠይቀዋል። እናትዎ የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት እንደሚወስዱ፣ የጣናን ገዳማት የመሳለም የቆየ ስእለት እንዳለባቸውም ጽፈዋል። የእናትዎ ጤናና ስእለታቸው ከቤቱ ውበት ይልቅ መልሴን የሚወስኑት ስለሆኑ ደጋግሜ እመለስባቸዋለሁ።

ሥራዬ ባሕር ዳር ላይ ለእንግዶች ማረፊያ ቤትና የጀልባ ጉዞ ማሰናዳት ነው። ብዙ ቤተሰብ ዕቅዱን የሚጀምረው በስልክ ከደረሰው የበረንዳና የሐይቅ ፎቶግራፍ ነው፤ ቤቱ አስቀድሞ ይያዝና ቀኑም ቦታውም ለቤቱ ሲባል ይቆረጣል። እኔ የምመክረው ቅደም ተከተሉን እንዲገለብጡት ነው፤ መጀመሪያ ወቅቱን ይወስኑ፣ ቀጥሎ የሐይቁን ዳርቻ ይምረጡ፣ ቤቱን ግን በመጨረሻ ይፈልጉ። ጣና ዳር ያለ አንድ ቤት በመስከረምና በጥር አንድ ቤት አይደለምና። በመስከረም ግቢው የረጠበ፣ ሌሊቱ ትንኝ የበዛበት፣ መንገዱ ጭቃ የሆነ ስፍራ በጥር ደረቅ፣ ነፋሻማና ለአረጋዊም ለሕፃንም የሚመች ሆኖ ይገኛል።

ከወቅቱም የሚቀድም አንድ ጉዳይ አለ፤ እሱም ጸጥታው ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ሳቢያ መንገድ በድንገት የተዘጋበት፣ ኢንተርኔትም የተቋረጠበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ያለውን ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ መንገድ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ የሚያልፈውን፣ ከእናትዎና ከልጆችዎ ጋር በመኪና እንዲመጡ አልመክርም። ወደ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ የሚደረገው በረራ አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ከከተማው ውጭ ወዳለ መንደር ለመሄድ ደግሞ ከወር በፊት የሰሙት ወሬ አይበቃም፤ በዚያው ሳምንት በቦታው የሚኖር ሰው፣ ቢቻል ከአከራዩ ሌላ የሆነ፣ ጠይቀው ይወስኑ። አከራይ ክፉ ሰው ባይሆንም እንግዳው እንዲመጣለት ይፈልጋል፤ ያ ፍላጎት በመልሱ ውስጥ ይገባል። በከተማም በገጠርም ከመሸ በኋላ ለመንቀሳቀስ የሚያስገድድ ዕቅድ አይያዙ፤ የታደሰ የቀበሌ ወይም የፋይዳ መታወቂያም ከሁላችሁም ከአዋቂዎቹ አይለይ።

ወደ ወቅቱ ስንመለስ፣ በነሐሴና በጥር መካከል ከተባለ ያለምንም ማመንታት ጥርን እመርጣለሁ። ባሕር ዳር በዓመት ከምታገኘው 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው። በነሐሴ ሰማዩ ዝቅ ብሎ ይውላል፤ የገጠሩ መንገድ ይበላሻል፤ ልጆቹ አብዛኛውን ቀን ቤት ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ለዚህ ደግሞ አዲስ አበባም ትበቃለች። ክረምት ካለፈ በኋላ ያለው ጊዜ መልካም መስሎ ቢታይም የተደበቀ ጣጣ አለው። የሐይቁ ውኃ ከፍ ብሎ የሚታየው በመስከረምና በጥቅምት ሲሆን፣ ዝናቡ ሲያቆምና ውኃው ቀስ በቀስ ሲሸሽ በዳርቻውና በማሳው ላይ የሚቀረው የረጋ ኩሬ የወባ ትንኝ መራቢያ ይሆናል። ትንኟ የምትፈለፈለው ማዕበል በሚመታው ሰፊ ውኃ ላይ ሳይሆን በእንዲህ ያለው ትንሽና የረጋ ውኃ ውስጥ ነው። ለዚህ ነው በጣና ዙሪያ ወባ የሚጠናው ዝናቡ ሲከብድ ሳይሆን ካቆመ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ድረስ፣ ከዚያም በመጠኑ በግንቦትና በሰኔ የሚሆነው።

በጥር ይህ ሁሉ ቀለል ይላል። ቀኑ ፀሐያማና ደረቅ ነው፤ ከአውሮጳ ክረምት የሸሹ አዕዋፍ በሐይቁና በፎገራ ረግረጋማ ሜዳዎች ላይ ሰፍረው ይታያሉ፤ በዘጌ ጫካ የቡናው ለቀማና ማድረቅ ገና አላለቀም። ሌሊቱ ግን አዲስ አበቤ «ባሕር ዳር ቆላ ነው» ብሎ እንደሚገምተው አይደለም። ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሊወርድ ስለሚችል ለእናትዎ ወፍራም ጋቢ፣ ለልጆቹም የሌሊት ሹራብ ይያዙ። ቀኑን ሲቆርጡ ጥር 11ን ያስቡ። በጥምቀት ሰሞን ወደ ጎንደርም ወደ ባሕር ዳርም የሚደረገው በረራ ይጨናነቃል፤ ማረፊያውም ዋጋውም ይሰቀላል። ከጥር 13 በኋላ ቢመጡ ከተማው ወደ ልኩ ይመለሳል፤ የልጆቹም ዕረፍት አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በኋላ ነው።

ጥርን በመምረጥዎ የሚያጡት አንድ ነገር አለ። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ሙሉ ክብሩን ይዞ የሚታየው በክረምትና በክረምቱ መውጫ ነው። የዓባይ ውኃ በዚያው በጢስ ዓባይ ለኃይል ማመንጫ ከመጠለፉም በላይ፣ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የጣና በለስ ጣቢያ ከሐይቁ በዋሻ ውኃ ስለሚወስድ፣ በበጋ ገደሉ ላይ የሚወርደው ብዙ ጊዜ ቀጭን ነው። ልጆቹ በቀድሞው የአንድ ብር ኖት ላይ እንደሚታየው አድርገው ጠብቀው እንዳይከፋቸው አስቀድመው ይንገሯቸው፤ እኔ ብሆን በጥር ቀኑን ለሌላ ነገር አውለው ነበር።

አሁን ወደ ዳርቻው። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሸፍን ሰፊ ሐይቅ ስለሆነ «ጣና ዳር» ማለት አንድ ቦታ አይደለም። ደቡቡ ባሕር ዳርና ዘጌ ነው፤ ሰሜኑ ጎርጎራ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በውኃም በየብስም የቀን ጉዞን የሚያስቆጥር ነው። «ጠዋት ዘጌ፣ ከሰዓት ጎርጎራ» የሚል ዕቅድ የነደፈልዎ ሰው ካለ ካርታውን አላየውም።

ጎርጎራን በግሌ በጣም እወደዋለሁ። ዐፄ ሱስንዮስ መናገሻቸውን የተከሉበት አካባቢ ነው፤ በ17ኛው መቶ ዘመን የተሠራችው የደብረ ሲና ማርያም ቤተ ክርስቲያን የግድግዳ ሥዕሎች ብቻቸውን መንገዱን ይክሳሉ፤ ከገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ወዲህም በአካባቢው ደረጃውን የጠበቀ ማረፊያ ተሠርቷል። ጸጥታን ብቻ የሚፈልጉ ጤነኛ ባልና ሚስት ቢሆኑ ኖሮ ወደዚያ እልካችሁ ነበር። ለእናትዎ ግን ሁለት ነገሮች ያሳስቡኛል። አንደኛው፣ ከባድ ሕመም ቢነሣ የሚታመነው ሆስፒታል ያለው ጎንደር ነው፤ መንገዱም ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል፤ ይህንን መንገድ በሌሊት መውጣት ደግሞ በአሁኑ ጊዜ የሚታሰብ አይደለም። ሁለተኛው፣ ከዐሥር ዓመት በላይ ሐይቁን ያስቸገረው እንቦጭ የበረታው በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ፣ በመገጭ ወንዝ መግቢያ በኩል ነው። አረሙ ተንሳፋፊ ስለሆነ ነፋስ እንደወሰደው ይሄዳል፤ ዛሬ ንጹሕ የነበረ የጀልባ መውረጃ በሳምንቱ ተዘግቶ ሊገኝ ይችላል። በዚያ ወገን ቤት የሚከራይ ሰው የዓምናውን ፎቶ ሳይሆን የዚያን ሳምንቱን ፎቶ መጠየቅ አለበት።

ዘጌ ለስእለታችሁም ለዕረፍታችሁም ይቀርባል። ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ባሕረ ገብ መሬቱ በሙሉ በደን ጥላ ሥር ያለ የቡና አገር ነው፤ በአበው ሥርዓት መሬቱን ማረስና የቀንድ ከብት ማርባት ተከልክሎ ስለኖረ ጫካው ተርፏል። የአካባቢው ሰው ቡናው፣ ጌሾውና ሎሚው ከአቡነ በትረ ማርያም በትር የበቀሉ ናቸው ብሎ ይተርካል። እናትዎ ይህንን ከመነኮሳቱ አንደበት ሲሰሙት ደስ እንደሚላቸው አልጠራጠርም። ይህ ሥርዓት ግን ለኑሯችሁም ትርጉም አለው። ከብት የማይረባበት ስፍራ ስለሆነ ትኩስ ወተት እንደልብ አይገኝም፤ እህሉም ከውጭ የሚገባ ነው፤ ለልጆቹ የዱቄት ወተት ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። መንደሩ በገዳማት መካከል ያለ በመሆኑም ማታ ሙዚቃ ከፍቶ መጫወት፣ አጭር ልብስ ለብሶ መዞር የሰፈሩን ሰው ያስቀይማል። ጸጥታን ፈልጋችሁ የምትመጡ በመሆናችሁ ይህ ሸክም አይሆንባችሁም ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ የእኔ ውሳኔ አንዱን ብቻ መምረጥ አይደለም። ዋናውን ቤት በባሕር ዳር ዳርቻ፣ ከመሐል ከተማው ወጣ ብሎ ነገር ግን ባጃጅ እስከ በሩ በሚደርስበት ጸጥ ያለ ሰፈር ይከራዩ፤ በመካከሉ ሁለት ወይም ሦስት ሌሊት ዘጌ ይደሩ፤ የመጨረሻዎቹን ሁለት ሌሊቶች ባሕር ዳር ተመልሰው ያሳልፉ። ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን የሚባሉ ሁለት ትልልቅ ሆስፒታሎች አሏት፤ ለስኳርና ለደም ግፊት ታማሚ ይህ ከማንኛውም በረንዳ ይበልጣል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከተማው ዳር ሲሆኑ እናትዎ አየሩንና ምግቡን ለምደው፣ ጀልባውም ይስማማቸው እንደሆነ በአጭር ጉዞ ታይቶ፣ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ዘጌ መሻገር። የመጨረሻውን ሌሊት ከውኃ ማዶ አለማደር ደግሞ የማልደራደርበት ደንብ ነው፤ ነፋስ የተነሣ ዕለት ጀልባ ይቀራል፣ አውሮፕላኑ ግን አይጠብቅም።

ነፋሱን ካነሣሁ ስለ ጀልባው እዚሁ ልጨርስ። ጣና ሰፊ ቢሆንም ጥልቀቱ ትንሽ ነው፤ ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። ጥልቀት የሌለው ሰፊ ውኃ ነፋስ ሲነካው ቶሎ ይታወካል፤ አጫጭርና የተደጋገመ ማዕበል ያነሣል። ሐይቁ ብዙውን ጊዜ ጠዋት የረጋ፣ ከቀትር በኋላ ግን ነፋሻማ ስለሚሆን፣ ጉዞዎን ሁሉ በጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምረው እኩለ ቀን ሳያልፍ እንዲያበቁት አድርገው ያቅዱ። የሕይወት ማዳኛ ጃኬቱን «አለ» በሚል ቃል አይቀበሉ፤ ከመነሣታችሁ በፊት በተሳፋሪው ልክ ይቁጠሩት፤ ለልጆቹ የሚሆን አነስተኛ ቁጥር ከሌለም ያንን ጀልባ ይተዉት። ለአዋቂ የተሰፋ ጃኬት ከሕፃን ላይ ሾልኮ ይወጣል።

የእናትዎን ስእለት በተመለከተ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ነገር አለ፤ ሳይነገራቸው ከጀልባው ላይ ደርሰው የሚያዝኑ እናቶች ስላሉ። ሴቶች የማይገቡባቸው ገዳማት አሉ፤ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ከእነዚህ ናቸው። ለእናትዎ የሚሆኑት በዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም፣ ከባሕር ዳር አጠገብ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ደብረ ማርያም፣ እንዲሁም በደቅ ደሴት ናርጋ ሥላሴ ናቸው። ከእነዚህ ናርጋ እጅግ ያማረ ነው፤ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዘመን ያሠሩት ነው፤ ነገር ግን ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ ሦስት ሰዓት ያህል ሄዶ ያንኑ ያህል መመለስ ለ72 ዓመት ሰው ከባድ ስለሆነ በዚህ ጉዞ ቢቀር እመርጣለሁ። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ለመድረስ ከጀልባ መውረጃው በቡናው ጫካ ውስጥ የሚወጣ ድንጋያማ መንገድ አለ፤ አዝዋ ማርያም ለዳርቻው ይቀርባል። ጉልበታቸው ከፈቀደ ዑራን በማለዳ፣ ቁርስና መድኃኒታቸውን ወስደው፣ በዝግታ እያረፉ ይውጡ፤ ካልፈቀደ ስእለቱን በአዝዋና በደብረ ማርያም መፈጸም ይቻላል። ይህንን ግን እኔ ሳልሆን የንስሐ አባታቸው ቢነግሯቸው ልባቸው ያርፋል፤ ከመነሣታችሁ በፊት ይጠይቋቸው። ባዶ ሆዳቸውን ሆነው የስኳር መድኃኒት እንዳይወስዱም ሐኪማቸውን ስለ ጾምና ስለ መንገዱ አስቀድመው ያማክሩ፤ የነነዌ ጾም በአንዳንድ ዓመት በጥር መጨረሻ ስለሚገባ ቀኑን በባሕረ ሐሳብ መመልከት ይገባል።

ቤቱን የምንመርጠው እንግዲህ አሁን ነው። ለአከራዩ የሚያቀርቡት የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ ውኃ ይሁን፤ ስለ ሐይቁ እይታ አይሁን። የሻወሩ ውኃ ከየት ይመጣል? የከተማ ቧንቧ ነው፣ የጉድጓድ ነው፣ ወይስ በሞተር ከሐይቁ የሚሳብ? ይህንን የምጠይቀው በቢልሃርዝያ ምክንያት ነው። በጣና ዳርቻ ይህ በሽታ መኖሩ በጥናት የታወቀ ነው። ጥገኛው ዳር ዳር ባለ ቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ ወደ ውኃው ይለቀቃል፤ የሰውን ቆዳ ሰንጥቆ ለመግባትም ደቂቃዎች ይበቁታል፤ መጠጣት አያስፈልገውም። ስለዚህ ልጆቹ ምንም ያህል ቢያለቅሱ ዳርቻው ላይ፣ በተለይም ሣርና ደንገል ባለበት ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ እንዳይገቡ። የሰፈሩ ልጆች ሲዋኙ ያያሉ፤ እነዚያ ልጆች አይታመሙም ማለት ግን አይደለም። ከሐይቁ የሚሳብ የሻወር ውኃ ከሆነ ደግሞ ሮቶ ውስጥ ሁለት ሙሉ ቀን ተቀምጦ መቆየት አለበት፤ ከቀንድ አውጣው የወጣው እጭ ሰው ሳያገኝ ከዚያ በላይ በሕይወት አይቆይም። ለዚህ አንድ ሮቶ አይበቃም፤ አንዱ ሲያርፍ አንዱ የሚቀዳበት ሁለት ያስፈልጋል። ይህንን ጥያቄ ጠይቀው አከራዩ ግራ ከተጋባ፣ የቧንቧ ውኃ ያለበት ቤት ይፈልጉ። የሚጠጣው ውኃ ወይ የታሸገ ይሁን፣ ወይ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ለአንድ ደቂቃ ያህል ይፍላ።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ አልጋው ነው። በእያንዳንዱ አልጋ ላይ አጎበር አለ? አለ ከተባለም ሳይቀደድ፣ ከፍራሹ ሥር የሚገባ ርዝመት ያለው ነው? መስኮቶቹስ ወንፊት አላቸው? በጥር ወባ ቢቀንስም አይጠፋም። በከፍታው 1,800 ሜትር ገደማ በሆነው በጣና ዳር የሚኖረው ሰው ለበሽታው የተወሰነ መላመድ ሊኖረው ሲችል፣ አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉት ልጆችዎ ግን አንዳችም የላቸውም። ትንኟ ከመሸ ጀምሮ ሌሊቱን ስለምትናከስ፣ ያ የሚያምረው በረንዳ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ለልጆች መቀመጫ አይሆንም። መድኃኒት የተነከረ የራሳችሁን አጎበር ይዛችሁ ብትመጡ ከሁሉ ይሻላል፤ ክብደቱ ትንሽ ነው። መከላከያ ክኒን ያስፈልግ እንደሆነ የልጆቹንና የእናትዎን ሐኪም ይጠይቁ፤ እናትዎ ከሚወስዱት ጋር መስማማቱን እርሱ ያውቃል።

ሦስተኛው የኤሌክትሪኩ ጉዳይ ነው። መብራት መጥፋቱ አይቀርም፤ ጥያቄው ሲጠፋ ምን ይሆናል የሚለው ነው። የእናትዎ መድኃኒት ኢንሱሊን ከሆነ ያልተከፈተው ጠርሙስ ፍሪጅ ያስፈልገዋል፤ የተከፈተው በአብዛኛው ከከባድ ሙቀት ተጠብቆ አራት ሳምንት ያህል ከፍሪጅ ውጭ ሊቆይ ይችላል፤ የራሱን መመሪያ ግን ያንብቡ። ለዘጌዎቹ ሌሊቶች የተከፈተውን ብቻ ይዘው ይሻገሩ፤ ቀሪውን ባሕር ዳር ባለው ፍሪጅ ይተዉት።

ከውኃው አጠገብ ላለ ግቢ አንድ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ጉማሬ ይወጣል ወይ የሚለው። በተለይ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ አለ፤ ቀን ውኃ ውስጥ ውሎ ሌሊት ሣር ለመጋጥ ወደ የብስ ይወጣል። ወደ ውኃው የሚመለስበትን መንገድ የዘጋበትን ሰው አይምርም። ግቢው አጥር ይኑረው፤ መጸዳጃ ቤቱም ከቤቱ ውጭ እንዳይሆን፤ ከመሸ በኋላ ባትሪ ይዞም ቢሆን በዳርቻው መንሸራሸር አይገባም። ደረጃ የበዛበት ቤት፣ ሰው ደፍ ላይ የሚሰናከልበት ሻወር ቤት ለእናትዎ እንደማይሆን መቼም ያውቁታል።

ምግቡ አያሳስብም። ባሕር ዳር ገበያዋ ሙሉ ነው፤ እንጀራ በትእዛዝ ይመጣል፤ ከዓሣ አስጋሪዎቹ በጠዋቱ ቆሮሶና አምባዛ ይገኛል። ልጆች ቆሮሶውን ይመርጣሉ፤ አጥንቱ ለመለየት ይቀላል። በአካባቢው ያለች ባለሙያ ሴት በቀን ክፍያ መጥታ እንድትሠራ አከራዩን ማነጋገር ይቻላል፤ እኔ ይህንን አጥብቄ እመክራለሁ፤ አለዚያ እርስዎ ከአንድ ወጥ ቤት ወደ ሌላ ወጥ ቤት ተዛወሩ እንጂ አላረፉም።

ውሉን በሚመለከት፣ ቤቱን ሳያዩ የሚከራዩ ስለሆነ ከፎቶ ይልቅ በቴሌግራም ወይም በኢሞ የቀጥታ ቪዲዮ ይጠይቁ፤ አከራዩ ከመንገዱ ጀምሮ በሩን አልፎ፣ ቧንቧውን ከፍቶ፣ አጎበሩን ዘርግቶ፣ ሮቶውን አሳይቶ እስከ ዳርቻው ይሂድ። ባሕር ዳር ዘመድ ወይም የሥራ ባልደረባ ካለዎት ግማሽ ሰዓት ሰጥቶ ቢያየው ከሁሉ ይበልጣል። በደላላ በኩል ከሆነ ኮሚሽኑን ማን እንደሚከፍል ከመጀመሪያው ይቁረጡ፤ ገንዘቡንም ቤቱ የእርሱ መሆኑን ላረጋገጡለት ባለቤት ወይም ሕጋዊ ወኪል እንጂ ለደላላው አይላኩ። ቀብድ ከጠቅላላው ኪራይ ትንሹ ክፍል ይሁን፤ በባንክ ወይም በቴሌብር ተልኮ ማስረጃው ይቀመጥ፤ ቀሪው ቤቱ ገብታችሁ ውኃና መብራቱን ካያችሁ በኋላ ይከፈል። በጽሑፍ፣ ቢያንስ በአጭር መልእክት፣ እንዲሰፍር የምጠይቅዎ ዋናው ነገር ግን ይህ ነው፤ በረራ ቢሰረዝ፣ መንገድ ቢዘጋ ወይም በጸጥታ ምክንያት መምጣት ባይቻል ቀብዱ እንደሚመለስ ወይም ወደ ሌላ ቀን እንደሚተላለፍ። የዘጌውንና የባሕር ዳሩን ኪራይም ለየብቻ ይዋዋሉ፤ የዘጌው ሌሊት በነፋስ ወይም በእናትዎ ድካም ምክንያት ቢቀር የባሕር ዳሩን ቤት ለእነዚያ ሌሊቶችም ማቆየት እንደሚቻል ከአከራዩ ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ። ሁለት ቤት በአንድ ጊዜ መያዝ ወጪ ቢመስልም፣ ለሁለት ሌሊት ተብሎ አረጋዊት እናትን ከነሻንጣቸው ከማንሣት የባሕር ዳሩን ቤት ለዐሥሩም ቀን ይዞ ወደ ዘጌ በትንሽ ቦርሳ መሻገር ለሁላችሁም ይቀልላል፤ አቅም ከፈቀደ እኔ የምመርጠው ይህንን ነው።

ከተመለሳችሁ በኋላም የሚቀር ጉዳይ አለ። የወባ ሕመም ከንክሻው ቢያንስ ሳምንት ያህል ቆይቶ ስለሚጀምር፣ በመጨረሻው ሌሊት የተነከሰ ልጅ የሚታመመው አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ነው፤ አንዱ የወባ ዓይነት ደግሞ ወራት ቆይቶም ሊነሣ ይችላል። በሚቀጥሉት ወራት ከመካከላችሁ ማንም ቢያተኩሰው «ጉንፋን ነው» ብላችሁ አትቆዩ፤ በዚያው ቀን የደም ምርመራ ያድርግ፤ ለሐኪሙም ጣና ዳር ሰንብታችሁ እንደነበር ከሌላው ሁሉ አስቀድማችሁ ንገሩት። ከልጆቹ አንዱ ሐይቁ ውስጥ ገብቶ ከነበረም ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ካለፈ በኋላ የቢልሃርዝያ ምርመራ ይደረግለት፤ መድኃኒቱ ፕራዚኳንተል ይባላል፤ በሐኪም ትእዛዝ በልጁ ክብደት ተለክቶ ይሰጣል።